ቆጥ ላይ የከረመው ላፕቶፕ

ያስቀመጥነው ነገር ሁሉ ባለበት የሚጠብቀን ይመስለናል። እውነቱ ሌላ ነው። በቆሎ ይነቅዛል፣ ሱፍ ልብስ ይጠባል፣ ቂም ይወፍራል። እኛ ቁልፉን ይዘን ስንሄድ እነሱ የራሳቸውን ሥራ ይቀጥላሉ።

በእኛ አገር ለነቀዝ መድኃኒቱ ቆጥ ነው። ለዘር የተመረጠው በቆሎ ከምድጃው በላይ፣ ሙቀትና ጭስ በማያጣው ቦታ ይቀመጣል። አማቴም ጃጁራ ባለው ቤታቸው ውድ ነገራቸውን ሁሉ የሚያስቀምጡት እዚያ ነው፤ የዘር በቆሎ፣ የመሬት ደብተር፣ የሟች ልጃቸው ላፕቶፕ።

ሟቿ ባለቤቴ አስቴር ናት። ታማ ስትሞት ልጃችን ቤተል ሁለት ዓመት አልሞላትም ነበር። እንደምታውቁት ሐዘንተኛ ፊት የሟች ፎቶ አይተውም፤ ዘመድ ከግድግዳ አውርዶ ይሸሽጋል። ሲያዩት ይብሳል ይባላል። አማቴ ፎቶዎቹን ሰብስበው ሲጨርሱ ዓይናቸው ላፕቶፑ ላይ አረፈ።

“ልጄ፣ እዚህም ውስጥ አለች?”

“አለች።”

ወሰዱት። አልተከራከርኩም። ያን ሰሞን አልጋዬን ቢወስዱትም አልከራከርም ነበር።

እዚያ ውስጥ ያለው ደግሞ ሌላ የትም የለም። የአስቴር ስልክ ሲሞላ ቪዲዮዎቹን ወደ ላፕቶፑ የገለበጥኩት እኔ ነኝ። ከስልኩ ላይ ያጠፋሁትም እኔ ነኝ። አንድ ቦታ ይበቃል ብዬ! እናንተም ብላችኋል፤ አትካዱ።

ዘንድሮ ቤተል መዋዕለ ሕፃናት ገባች። አንድ ጠዋት ጫማዋን ሳስርላት፣ “አባ፣ የእማዬ ድምፅ እንዴት ነው?” አለችኝ። ልነግራት አፌን ከፈትኩ። ድምፅ በምን ይነገራል?

“ደስ ይላል” አልኳት።

“የመምህሬም ደስ ይላል” አለችኝ።

ቅዳሜ ጃጁራ ሄድኩ። ላፕቶፑን ስጠይቃቸው አማቴ መሰላል አቁመው አወረዱልኝ። በነጠላ ተጠቅልሎ፣ በላዩ ማዳበሪያ ከረጢት ለብሶ፣ ከረጢቱ ጥላሸት ጠጥቷል። “አንድ ነቀዝ አልነካውም” አሉ በኩራት። እውነታቸውን ነው። ወደምንኖርባት ሆሳዕና ከተማ ተመልሼ ቻርጀሩን ስሰካው መብራቱ በራ፤ ስክሪኑ ግን ዲስክ የለም አለኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል። እኔ የጣልኩት ያንኑ የቆጡን ነው።

መናኸሪያው አጠገብ ላፕቶፕ የምትጠግን ከአዲሎ የመጣች ልጅ አለች። ትዕግሥት ትባላለች፤ ስሟን ለደንበኛ አታባክነውም።

“የት ነበር የከረመው?” አለችኝ።

“ቆጥ ላይ። ነቀዝ እንዳይበላው።”

ካቻቪቴዋን አስቀመጠች። “ቋንጣ ነው እንዴ? ማን ነክቶታል?”

“ማንም። ጎረቤቴ ግን ፎርማት ይደረግ ብሎኝ ነበር።”

“ያለውን ሁሉ ሊያስጠፋህ ነበር! ከሱ ጋር ሻይ እንኳ እንዳትጠጣ።”

እየፈታች አስረዳችኝ፤ እንደገባኝ ልንገራችሁ። ኤስኤስዲ የሚባለው ዲስክ የሚሽከረከር ነገር የለውም። ፋይሉ ያለው በዓይን በማይታዩ ክፍሎች ውስጥ በተያዘ ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። ክፍሎቹ በተጻፈባቸው ቁጥር ያረጃሉ። ስለዚህ ውስጡ አንድ ተቆጣጣሪ ቺፕ አለ፤ እንደ ጥሩ የእድር ዳኛ ነው። ሥራው አንዱ ላይ ብቻ እንዳይበረታ ለሁሉም ያዳርሳል፤ የደከመውን አሳርፎ ከመጠባበቂያው ይተካል፤ የተዛባ ነገር ሲያገኝ አብሮ ካስቀመጠው ማረሚያ አስልቶ ያቃናል፤ የደበዘዘውን እንደገና ይጽፋል። እኛ ምንም አናይም። ደህና ነው እንላለን።

“ታዲያ ዳኛው የት ሄደ?”

“ዳኛው መብራት ይፈልጋላ! አጥፍታችሁት ከረማችሁ። ቻርጁ በራሱ ጊዜ ይሾልካል፤ ሙቀት ደግሞ ያፋጥነዋል። እሱ ተኝቶ ማን ያስተካክል?”

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ስለ ዲስኩ ነው የማወራው።

ዲስኩን አውጥታ ከራሷ ኮምፒውተር ጋር አገናኘችውና፣ “አሁን እንዳትነካ። እንዳታወራኝም” አለችኝ። ተቀመጥኩ። መብራት እንዳይጠፋ በሁለት ቋንቋ ጸለይኩ፤ አንዱ ባይሰማ ብዬ። ብዙ ከቆየን በኋላ የአስቴር ፎልደሮች ብቅ አሉ። ትዕግሥት ግን ፊቷን አጨማደደች፤ ዲስኩ ማንበብ እንጂ መጻፍ አይፈቅድም።

“አለቀለት?”

“ኧረ ጥሩ ነው! መጠባበቂያው ሲያልቅበት አዲስ ነገር አልቀበልም ይላል፤ ያለውን እንዳያበላሽ። ጨዋ ዲስክ ነው።”

ያ ጨዋ ዲስክ እየተንገዳገደ፣ አንዳንዱን ፋይል አሥር ጊዜ እየሞከረ ተገለበጠ። የሠርጋችን ቪዲዮ አልተረፈም። ጥቂት ፎቶዎች ከወገብ በታች ግራጫ ሆኑ። የቤተልና የእናቷ ቪዲዮዎች ግን ወጡ። ትዕግሥት ሦስት ቦታ ገልብጣ ሰጠችኝና፣ “አንዱ ሌላ ሰው ቤት ይቀመጥ፤ በየጊዜው እየከፈትክ እይ” አለችኝ። በእኛ ሰፈር ሐዘንተኛን እንዲህ ብሎ የመከረ የለም። ወጥቼ ባጃጅ ተራው ጋ ብቻዬን ሳቅኩ። ሰው አየኝ። ይየኝ።

እሑድ ከቸርች መልስ አማቴ እኛ ቤት መጡ። አዲስ ዲስክ የገባለትን ላፕቶፕ ጭኔ ላይ አድርጌ ከፈትኩ። “እኔ አላይም” ብለው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ ጣሉ። ቤተል ጎኔ ቆመች።

በቪዲዮው ቤተል መራመድ እየጀመረች ነው። የምቀርጸው እኔ ነኝ። አስቴር አትታይም፤ ድምፅዋ ብቻ ከጎን ይመጣል። “በርቺ የኔ እናት፣ በርቺ! ሁለት… ሦስት…” ነጠላው ቀስ ብሎ ከአማቴ ዓይን ወረደ። ቤተል አፏን ከፍታ ቀረች። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቤተል ተንገዳገደች፤ ያን ጊዜ ያ ድምፅ ተቀየረ።

“አንተ! ስልኩን ወዲያ በልና ልጅቷን ያዛት እንጂ!”

ቤተል በሳቅ ፈነዳች። “አባን ተቆጣችው!”

“ሲያንሰው ነው” አሉ አማቴ እንባቸውን እየጠረጉ።

ሚስት ስትቆጣ እሺ ማለት ነው። ላፕቶፑን ለአማቴ አቀብዬ ልጅቷን ያዝኳት።