ቀስቃሹ ሲታመም

(ሞጣ፤ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ካርድ ክፍሉ መስኮት አጠገብ። ታደለ የገዢው ፓርቲ አባልና የቀበሌው የጤና መድን ቀስቃሽ ነው። ጎረቤቱ አለበል ገበሬና የተቃዋሚ ደጋፊ ነው። ታደለ ስለ ጤና መድን ስብሰባ ላይ ሲናገር ሆዱን ቆርጦት ወድቆ፣ አለበል በባጃጅ ይዞት መጥቷል። ወረፋ ይጠብቃሉ።)

ታደለ፦ (ሆዱን ይዞ) አልወደቅሁም አልሁህ! ተቀመጥሁ ነው የሚባል።

አለበል፦ በግንባርህ?

ታደለ፦ ቃለ ጉባኤው ላይ «ተቀመጠ» ተብሎ ይያዛል፤ አለቀ! እናንተ ወሬ ስታናፍሱ የቀበሌያችን የመድን ሽፋን ዘጠና ስድስት በመቶ ደርሷል።

አለበል፦ ሽፋን ስትል... ብርድ ልብሱን ነው?

ታደለ፦ የምን ብርድ ልብስ?

አለበል፦ አክስቴ እዚህ የተኛች ጊዜ ሽፋን የሚባል አላየሁም። በእኔ ጋቢ ነው ያደረች።

ታደለ፦ ወይ አለማወቅ! ሽፋን ማለት ስትታመም መንግሥት ከጎንህ ነው ማለት ነው።

አለበል፦ (ግራ ቀኙን እያየ) በየትኛው ጎን?

ታደለ፦ ተቃዋሚ የሆንህበት ምክንያት አሁን ገባኝ። አገልግሎቱ እኮ ለሁሉም ተደራሽ ሆኗል!

አለበል፦ እሱስ እውነት ነው። «መድኃኒት የለም፣ ከውጭ ግዙ» የሚለው ለሁላችንም እኩል ደርሶናል።

ታደለ፦ እሱ የአሠራር ክፍተት ነው፤ ሪፎርም እያደረግን ነው።

አለበል፦ የእኛም ሰዎች ሪፎርም እናደርጋለን ይላሉ። ልዩነቱ ምንድን ነው?

ታደለ፦ የእኛውን የምናደርገው እኛ ነና!

(ከመስኮቱ «የመድን ደብተር!» ይባላል። ታደለ ኪሱን ይዳብሳል፤ በራሪ ወረቀት እንጂ ደብተር አይወጣም።)

ታደለ፦ እህቴ፣ እኔ እኮ... ቀስቃሽ ነኝ።

አለበል፦ ደብተርህስ?

ታደለ፦ ሰው ስመዘግብ ጊዜ አጣሁ። ደግሞ ታምሜ አላውቅም ነበር። አንተስ?

አለበል፦ (ከጉያው እያወጣ) ይኸው።

ታደለ፦ አንተ! በየስብሰባው እየተነሣህ ስትቃወም አልነበር?

አለበል፦ ስብሰባ ላይ ፓርቲዬ ያለኝን አልሁ። አንተ ግን «በሽታ ፓርቲ አይለይም» እያልህ ስትጮህ፣ ነገሩ ባይገባኝም ፈራሁ። በነጋታው ከሚስቴ ከወይንእሸት፣ ከነልጆቼ ተመዘገብሁ። አንተን አምኜ እኮ ነው።

ታደለ፦ (ወደ መስኮቱ) በይ እኔንም አሁኑኑ መዝግቢኝ! (ያዳምጣል) ምን? ምዝገባው እስከ ጥር ተዘግቷል?

አለበል፦ ማስታወቂያውን የለጠፍኸው አንተ ነህ። እኛ በር ላይ ሳይቀር።

ታደለ፦ ሆዱን የሚቆርጠው ሰው ጥርን ይጠብቃል? ምን ዓይነት መንግሥት ነው ይሄ! ለድሃ የማያዝን! መለወጥ አለበት!

(ወረፋው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። አለበል ከራሱ ኪስ ከፍሎለት፣ ብብቱን ደግፎ ወደ ሐኪሙ ክፍል ይወስደዋል።)

አለበል፦ አይዞህ ወንድሜ፣ እንኳን ደህና መጣህ። እኛ ዘንድ ለመመዝገብ ጥር አይጠበቅም።