የጫኔ ሸረሪት

[ጁባ፣ ኮሎሎ ሠፈር፤ የአንድ ሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ። ረፋድ ነው፣ ሙቀቱ ግን ከአሁኑ ቀጥቃጭ ሆኗል። ወጥ ሠሪዋ አስረሳሽ ከሰሉ ላይ አጎንብሳ ታማስላለች። አስተናጋጁ ጫኔ ከኋላዋ ተቀምጦ በአንድ እጁ ይበላል፣ በሌላው ሥዕል የተሣለበት ካርቶን ከፍ አድርጎ ይዟል።]

አስረሳሽ፦ ሸረሪት ነው አልኩህ!

ጫኔ፦ አይደለም እትዬ! ማይንድ ማፕ ይባላል። ሦስት ቀን ሙሉ ሠልጥኜበታለሁ፤ ሰርተፍኬትም አለኝ።

አስረሳሽ፦ ስምንት እግር አለው እኮ።

ጫኔ፦ እግር ሳይሆን ቅርንጫፍ ነው። ዋናው ሐሳብ መሐል ይቀመጣል፣ ሌላው ዙሪያውን ይበተናል። እንዲህ ከተያዘ አይረሳም። መዘርዘር ድሮ ቀረ።

አስረሳሽ፦ ካልተረሳ ንገረኛ። የወንዝ ወደቡ አለቃ ቡሽራ ጠዋት ምስር ለስንት፣ ጎመን ለስንት፣ ዓሣ ለስንት ሰው ነበር ያዘዘው? ወደብ ላይ ሠላሳ ጫኝና አውራጅ ስድስት ሰዓት ላይ ይጠብቀናል። ዛሬ ካማረላቸው ጀልባ በገባ ቁጥር ምሳው የኛ ነው። ከተበላሸ ለጎረቤት ሆቴል ይሰጠዋል፤ እኔና አንተም ሥራ ፈት ነን።

ጫኔ፦ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም! [ካርቶኑን ያዞረዋል።] መሐሉ «ምሳ» ይላል።

አስረሳሽ፦ ምሳ መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ።

ጫኔ፦ ይሄ ቅርንጫፍ «ደስታ»። ይሄ «ንጽሕና»። ይሄኛው «የወደፊት ራእይ»።

አስረሳሽ፦ ራእይ በስንት ራስ ሽንኩርት ነው የሚሠራው?

ጫኔ፦ ትንሽ ይታገሡ! ይሄ ወፍራሙ ቀይ ቅርንጫፍ ከሁሉም ይበልጣል። ከመሐል ተነሥቶ እስከ ጫፍ ይደርሳል። ትርጉሙ ጥልቅ ነው።

አስረሳሽ፦ [ዞር ብላ አይታ] እሱማ ቅድም ከጭልፋዬ የተንጠባጠበ ወጥ ነው።

[ጫኔ በጣቱ ነክቶ ይልሰዋል።]

ጫኔ፦ ጨው ይጎድለዋል።

አስረሳሽ፦ ቁጥሩስ?

ጫኔ፦ ቁጥሩን... በኋላ ልጨምረው ስል ካርቶኑ አለቀብኝ። ቡሽራ ጋም ደውዬ ነበር፤ ስልኩ ዝግ ነው። ወንዝ ላይ ሳይሆን አይቀርም።

[አስረሳሽ አልደነገጠችም። ፊደል የቆጠረችው አምና ነው፤ ሰው ፈጠን ብሎ ሲያወራ እስክሪብቶዋ አይደርስበትም። ስለዚህ የራሷ ዘዴ አላት።]

አስረሳሽ፦ ግድ የለም ልጄ፣ እኔ መዝግቤዋለሁ።

ጫኔ፦ [ይስቃል] እርስዎ? በምን?

አስረሳሽ፦ ትሪ ላይ እንጀራ ዘርግቼ፣ እሱ ሲያዝ እኔ ከየድስቱ ጠብ ጠብ አደረግኩ። አንዷ ጭልፋ አምስት ሰው ናት። እሱን ተማምኜ ከጭንቅላቴ አውጥቼዋለሁ። [ወደ መደርደሪያው ትሄዳለች።] እዚህ ጋ ከድኜው ነበር...

[መደርደሪያው ባዶ ነው። ቀስ ብላ ትዞራለች። ጫኔ ማኘኩን ያቆማል። ፊቱ ያለው ትሪ ታጥቦ የተቀመጠ ይመስላል።]

ጫኔ፦ ቁርስ መስሎኝ!

አስረሳሽ፦ ትእዛዙን በላኸው?

ጫኔ፦ ደብተር መሆኑን በምን ልወቅ እትዬ? ይጣፍጥ ነበር እኮ!

[ዓይኑ እንባ አቀረረ። አስረሳሽ ልትቆጣ ብላ ተወችው፤ አጠገቡ ተቀመጠች።]

አስረሳሽ፦ በል ዓይንህን ጨፍን። ከየት ጀመርክ?

ጫኔ፦ [ጨፍኖ፣ ፊቱ እየፈካ] ከቀኝ። ምስር ሦስት ቦታ ነበር። ከዚያ ጎመን፣ ሁለት ቦታ። ዓሣ አንድ ብቻ፤ አጥንት ነበረው።

አስረሳሽ፦ አሥራ አምስት፣ አሥር፣ አምስት... ሠላሳ ሞላ! ዳር ላይ ቃሪያ አልነበረችም?

ጫኔ፦ ነክሻት አቃጠለችኝ፣ ተውኳት።

አስረሳሽ፦ እሷ ቡሽራ ናት። ካረፈድን ገና ታቃጥለናለች። ያላ፣ ተነሥ!

[ካርቶኑን ከእጁ ወስዳ ከሰሉን ታራግብበታለች። እሳቱ ቦግ ይላል።]

ጫኔ፦ እትዬ፣ የነገውን ትእዛዝ ታዲያ ማን ይያዘው?

አስረሳሽ፦ እኔ እጽፋለሁ። አንተ ብቻ ተርበህ ና፤ ታነብልኛለህ።