ኡስታዝ ሐሩንና የበርጩማው አርማ

የትም ሥራ ቦታ ሂዱ፣ እናንተ ከመወለዳችሁ በፊት ያንኑ ሥራ ከእናንተ በባሰ ችግርና በተሻለ ጥራት የሠራ አንድ ሰው አይጠፋም። ጡረታ ወጥቷል ይባላል። አልወጣም፤ ከወንበራችሁ ጀርባ ቆሟል።

የእኔው ክቡር ኡስታዝ ሐሩን ይባላሉ። ተወልደው ያደጉት መካ ነው፤ አያታቸው ከወሎ ለሐጅ መጥተው እዚያው ቀሩ። በወጣትነታቸው፣ ኮምፒውተር ከቤት ቴሌቪዥን ጋር እየተገጠመ በሚሠራበት ዘመን፣ ጅዳ ውስጥ የቤት ኮምፒውተር ይሸጥ በነበረ ኩባንያ ሠዓሊ ነበሩ። የካርቶኑን ሥዕል፣ የመመሪያውን ሽፋን፣ ስክሪኑ ላይ የሚወጡትን ጨረቃና መርከብ የሠሩት እሳቸው ናቸው። ያኔ ሥዕል የሚሠራው ባለካሬ ወረቀት ላይ፣ አንዷን ሳጥን እያጠቆሩ ሌላዋን እየተዉ ነበር። ኩባንያው ከተዘጋ ዘመናት አልፈዋል። ኡስታዝ ግን አልተዘጉም።

እኔ እዚያው ጅዳ፣ ጃሚዓ ሰፈር ባለች ጠባብ ማተሚያ ቤት የግራፊክስ ባለሙያ ነኝ። ከዐስር ሶላት በኋላ በሩ ተከፍቶ «አሰላሙ ዐለይኩም» ሲባል ትከሻዬ ራሱ ይሸማቀቃል። ኡስታዝ ገብተው የወንበሬን መደገፊያ ይይዛሉ።

«ያ ወለዲ፣ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ቀለም ምን ልታደርገው ነው? እኛ እኮ ስምንት ቀለም ነበረን፤ እሱም ቴሌቪዥኑ ከፈቀደ።»

ሩዋይስ ላለ ምግብ ቤት የሠራሁትን ሜኑ የሩዙን ፍሬ አንድ በአንድ እያነሱ ተቹት። ለአንዲት ሒና ቀቢ በሠራሁት ካርድ ላይ አበባዋ ወፍራለች አሉ። ይህ ሳይበቃቸው ወጥተው አስፋልቱን ይሻገራሉ፤ ከማዶ ሆነው በመስታወቱ በኩል ዓይናቸውን አጥብበው ስክሪኔን ያያሉ። ተመልሰው ሲገቡ ፍርዱ ይሰጣል፦ «ከሩቅ ያልታየ ነገር አልተሠራም።» አንድ ቀን ደንበኛ ባለቤቱ መስለውት ሥራውን ለሳቸው አዘዘ። እሳቸውም በክብር ተቀበሉ፤ ለነገ ይደርሳል ብለው በእኔ ስም ቃልም ገቡለት።

ታገስኩ። እስከ ሙዘሚል ሥራ ድረስ ታገስኩ።

ሙዘሚል ከአገር ቤት ለዑምራ የሚመጡ ሽማግሎችን ተቀብሎ የሚያስተናግድ ሰው ነው። አንገት ላይ የሚንጠለጠል ባጅና በዘንግ የሚያዝ ምልክት አዘዘኝ። ከሚመጡት አንዷ እናቴ ከድጃ ነበረች። እናቴ ከኮምቦልቻ ወዲያ አገር አታውቅም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ብትጠፋብኝስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። ስለዚህ ያለ የሌለ ችሎታዬን አፈሰስኩበት፦ በወርቅ ቀለም ያጌጠ ካዕባ፣ በላዩ የሚበሩ ርግቦች።

ኡስታዝ አዩትና «ርግቦቹ ነፍስ አላቸው» አሉ።

«ሥዕል ናቸው እኮ ኡስታዝ።»

«ነፍስ ያለው ሥዕል አንገቷ ላይ አንጠልጥላ እናትህ ትሰግዳለች? ሶላት ሲደርስ አውልቃ ፌስታሏ ውስጥ ትከተዋለች። ከዚያ ማን ያገኛታል? ደግሞስ የወርቅ ካዕባ ያላደረገ ቡድን አለ?»

ቱግ አልኩ። «ኻላስ ኡስታዝ፣ በቃ ይተዉኝ፣ ሥራዬን ልሥራበት።»

«ሥራህን ሥራ። እናትህን ግን አታጥፋት።»

ደሜ ፈላ። የባሰው ልክ መሆናቸው ነው፤ የወሎ ልጅ ሆኜ ይህን መርሳቴ። እሳቸው ግን ቁጣዬን ከቁብ ሳይቆጥሩ ከኪሳቸው ባለካሬ ወረቀት አውጥተው ሳጥኖቹን ማጥቆር ጀመሩ። አንድ መቀመጫ፣ ሦስት እግር።

«በርጩማ? ለዑምራ? ሰው ይስቅብናል።»

«ይሳቅ። የደከማት አሮጊት ከሩቅ ምን ብታይ ትመጣለች?»

ሙዘሚልም ሲያየው «ወላሂ የበርጩማ ቡድን ሊሉን ነው» ብሎ ራሱን ያዘ። ከኡስታዝ ጋር ተከራክሮ የረታ ግን የለምና ያው በርጩማ ታተመ፤ አረንጓዴ፣ ደረቅ ያለ፣ ጠርዙ ሁሉ ማዕዘን።

እነ እናቴ በመጡ ሳምንት ጁምዓ ዕለት መካ ወጣሁ። ኡስታዝም መጡ፤ ምልክቱን አንተ ታዘነብለዋለህ ብለው ዘንጉን ከእጄ ነጠቁኝ። ሶላቱ አብቅቶ ሕዝቡ ከሐረም ይጎርፍ ጀመር። የሙዘሚል ሰዎች አንድ ሁለት እያሉ ከበርጩማው ሥር ተሰበሰቡ። እናቴ የለችም። ብደውል ስልኳን ያነሳችው አብራት የምታድረውና ሆቴል የቀረችው ነኢማ ናት፤ ከድጃ እዚህ ረስታዋለች አለችኝ። ልፈልጋት ልሮጥ ስል ኡስታዝ ክንዴን ያዙ።

«አንተም ከጠፋህ ፍለጋው ሁለት ይሆናል። ቁም።»

ዘንጉን ወደ ላይ ገፉት። ክንዳቸው ቢዝልም አላወረዱትም። ልቀበላቸው ብል አልሰጥም አሉ።

እናቴ መጣች። ሳትቸኩል፣ የወርቅ ካዕባ ባጅ ያንጠለጠሉ ሁለት አሮጊቶች ግራና ቀኝ ይዛ መጣች።

«ዒስዬ፣ እነዚህ ሰዎቻቸው ጠፍተውባቸው ነው» አለችኝ። «የያዙትን ምልክት ብንፈልገው በየዘንጉ እሱው ነው። እኔ በርጩማዬን ካየሁ ምን ቸገረኝ፣ ተከተሉኝ አልኳቸው።»

ከዚያ በርጩማዋን የሣላት ማን እንደሆነ ጠየቀች። ወደ ኡስታዝ አመለከትኩ። እሳቸውም ዘንጉን አውርደው ታቀፉት። እናቴ ሁለት መዳፏን ዘረጋች።

«አላህ ዓይንዎን ያቆይልን» አለች። «ዕድሜዎን ያርዝመው። ልጄንም ይዩልኝ።»

ከእነዚያ ዓይኖች ገላግለኝ ብዬ ስንት ጊዜ ለምኜ እንደነበር እሱ አላህ ያውቃል። እወዳቸዋለሁ፣ ምን ላድርግ። ሽማግሎቹ ሁሉ አሚን አሉ። ከሁሉም በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሚን ያልኩት ግን እኔ ነኝ።