ጋሼ ክንፈ ‹‹ማን ነዎት?›› ሲባሉ

ደብረ ብርሃን ውስጥ ‹‹ማን ነሽ?›› ተብዬ አላውቅም። ‹‹የማን ልጅ ነሽ?›› ነው የሚሉኝ። ይኸው ፀጉሬ ሸብቶ፣ ልጅ ለመዳር ደርሼ፣ ባንክ ቤት ተሰልፌ ሳለ አንዲት ሴትዮ ዞር ብላ ‹‹የእነማን ወገን ነሽ?›› ትለኛለች። እኔ የያዝኩት ወረፋ ነው፤ ወገን ምን አመጣው?

ታዲያ ባለፈው ክረምት አንድ መጽሐፍ እጄ ገባ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ የደራሲውም ስም ከሽፋኑ ጋር ሄዷል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጠው ሰውዬ ‹‹ዮጋ ነው፣ ስፖርት›› አለኝ። ለወገቤ ይሆነኛል ብዬ ገዛሁት። ሳነበው መጎንበስ የለ፣ መተጣጠፍ የለ! ለካ ህንዶቹ ብዙ ዓይነት ዮጋ አላቸው። በአምልኮ የሚሄድ አለ፣ በሥራ የሚሄድ አለ፤ ይኸኛው የእውቀት መንገድ ነው። ቁጭ ብሎ ራስን ‹‹እኔ ማን ነኝ?›› ብሎ መጠየቅ፣ በቃ። ይቀላል አይደል? እስቲ ሞክሩት።

እኔ ሱቄ ውስጥ፣ ከክርና ከመርፌው መሃል ቁጭ ብዬ ሞከርኩት። ማን ነኝ? ባለሱቋ። ሱቁን ብዘጋው እጠፋለሁ? አልጠፋም። እንግዲያ እሱ አይደለሁም። የልጄ የሕይወት እናት ነኝ። ሕይወትን ከመውለዴ በፊትስ አልነበርኩም? ነበርኩ። እሱም አይደለሁም። ሰውነቴስ? የልጅነት ጥርሴ ወልቆ ጣራ ላይ ሲወረወር እኔ አብሬ አልተወረወርኩም። ንዴቴስ? እሱ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ሲመጣም ሲሄድም የማየው እኔ ነኝ። (ጎረቤቶቼ ‹‹መቼ ሄዶ ያውቃል?›› ይላሉ።) አያችሁ፣ ሹራብ እንደ መተርተር ነው። እጅጌው ይሄዳል፣ አንገቱ ይሄዳል፤ በመጨረሻ ‹‹ሹራቡ የት ገባ?›› ትላላችሁ። ክሩ ግን እጃችሁ ላይ ነው።

በጣም ደስ ያለኝ ደግሞ መልሱ ከመምህር አፍ አይቀዳም ማለታቸው ነው። በክርክርም አይደረስበትም፤ ከውስጥ ሲበራ ያን ጊዜ ይታወቃል። ያለ ማስረጃ እንዴት ይታወቃል አትበሉኝ። ሐምሌ ላይ ደብረ ብርሃን መብረዱን ሬዲዮ ጠይቄ አላውቅም። መኖሬንም የማውቀው እንዲሁ ነው፤ ምስክር አልጠራም። እነዚህ ሰዎች ይቺን አንዲት ጥያቄ ይዘው ዕድሜ ልክ መቀመጣቸው! እኛ ‹‹አፈር ነህ›› የምንባባለው ቀብር ላይ ነው። እነሱ በሕይወት ሳሉ ይጠይቃሉ። ባርኔጣ ቢኖረኝ ኖሮ ባነሳሁላቸው፤ ሻሽ ስለሆነ ይቅር።

እንዲህ እያልኩ ሳለ ሽማግሌ መጣ። ልጄ ሕይወት የብረት በር የሚበይድ፣ ጌትነት የሚባል ልጅ ወዳለች። ቤተሰቦቹ ከአንኮበር በታች ናቸው፤ ወንዱ ማረሻ ቀጥቃጭ፣ ሴቷ ሸክላ ሠሪ። የእኛን ሰው ታውቁታላችሁ። በማረሻቸው ያርሳል፣ በድስታቸው ይበላል፤ ጋብቻ ሲባል ‹‹አጥንታቸው ይጣራ›› ይላል። የሕይወት አባት ከሞተ ቆይቷልና የሚፈቅዱትም የሚከለክሉትም ታላቅ ወንድሜ፣ መሪጌታ ክንፈ ናቸው። እሷም ‹‹ጋሼ ሳይመርቁኝ ከቤት አልወጣም፤ እሱን ካልሆነም ማንንም አላገባም›› ብላለች። የምትለውን የምታደርግ ልጅ ናት፤ ከማን ወጣች ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ።

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ቆመዋል። በእኛ ወግ ልጅ የሚለምን ሽማግሌ እሺታ ሳያገኝ አይቀመጥም። ጋሼ ክንፈ ወደ ጓዳ ጠሩኝ።

‹‹ዘራቸውን እጠይቃለሁ። ሲናገሩ ያፍራሉ፤ ያኔ በሰላም እንሸኛቸዋለን›› አሉኝ።

አላስቻለኝም። ‹‹ጋሼ፣ እርስዎ ማን ነዎት?››

‹‹አበድሽ? ወንድምሽ ነኛ!››

‹‹እኔ ባልወለድ ኖሮ እርስዎ አይኖሩም ነበር?››

‹‹መሪጌታ ነኝ።››

‹‹ሀሁ ሳይቆጥሩስ ማን ነበሩ?››

‹‹የአባቴ ልጅ!›› ብለው ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። አባታችንን፣ አያታችንን፣ ቅድመ አያታችንን፣ ከዚያም በላይ ያሉትን። ሲጨርሱ ‹‹እነሱን ነፍሳቸውን ይማር። እርስዎስ?›› አልኳቸው።

ጋሼ ክንፈ መቁጠሪያቸውን አሻሹ። ‹‹እንጃ›› አሉ፤ ‹‹እንጃ፣ እቴ።›› ህንዶቹ ቢሰሙ ‹‹ጀመሩ!›› ባሉ።

ሳሎን ወጣን። ጋሼ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና ‹‹እኛ ዘር አንጠይቅም›› አሉ።

እኔ ደስታዬን አልቻልኩም። ሽማግሌዎቹ ግን እርስ በርስ ተያዩ። የልጁ አያት፣ አባባ ደምሴ የሚባሉት፣ ዱላቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

‹‹እንዴት አትጠይቁንም?›› አሉ። ‹‹ልጅቷ ምን ሆና ነው?››

ልጄን ከዘር ቆጠራ አድናታለሁ ስል እንከን ላወጣላት! ሰው ሳይጠይቅ የሚሰጠው የማይረባ ዕቃውን ነው ብለው ቢያስቡ እንዴት እፈርድባቸዋለሁ? ጋሼ ክንፈ ፈጠን ብለው ‹‹ኧረ ምንም አልሆነች፤ ይንገሩን እንጂ›› አሉ።

አባባ ደምሴም ነገሩን። ማፈር? የት አባቱ! አባታቸው የቀጠቀጠው ማረሻ የትኛውን ሜዳ እንደገለበጠ፣ የእናታቸው ጋን በማን ድግስ ላይ እንደቆመ፣ እያንዳንዱን እያነሱ፣ ደረታቸውን እየነፉ። ህንዱ ‹‹ይሄም አይደለሁም፣ ይሄም አይደለሁም›› ይላል፤ እሳቸው ‹‹ይሄም ነኝ፣ ይሄም ነኝ›› አሉን። ጋሼ ክንፈ አንገታቸውን ደፍተው አዳመጡ። እኔ ደግሞ ምላሴ ዝም አይልም።

‹‹አባባ፣ ሁሉም ደግ ነው። እርስዎ ራስዎ ግን ማን ነዎት?››

አፍታ አላሰቡም። ‹‹እኔማ ልጄ፣ ለአሁኑ ጉልበቱን የሚቆረጥመው የቆመ ሽማግሌ ነኝ። ሌላውን ስቀመጥ እናየዋለን።››

ጋሼ ክንፈ ከት ብለው ሳቁ። ከመቀመጫቸው ተነሡና የራሳቸውን ወንበር በሁለት እጃቸው ገፉላቸው። ‹‹ይቀመጡ፣ አባባ›› አሉ።

ከመጋረጃው ጀርባ እልልታ ቀለጠ። ሙሽራ ለራሷ እልል አትልም ብሎ ማን ይንገራት።