ውሃው ያልፈረመበት ቃለ ጉባኤ

«እኔ በምመራው ቡድን ውስጥ ስምንት ወር ሙሉ አንድም ክርክር ተነስቶ አያውቅም» አለች ኢንጂነር ዮርዳኖስ፣ ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በሚቆፈረው የመስኖ ቦይ አፍ ላይ ቆማ። ሊጎበኙ የመጡት እንግዶች አጨበጨቡ።

እውነትም ያስጨበጭባል። በሌላ አገር አምስት ባለሙያ አንድ ቦይ ሲቆፍር አንዱ ወደ ቀኝ አንዱ ወደ ግራ እያለ፣ «ልኩን አሳየኝ፣ አላምንህም» እየተባባለ ጉሮሮው ይደርቃል። የዮርዳኖስ ሰዎች ግን የታደሉ ናቸው። ጠዋት ተሰብስበው ይስማማሉ፤ ተስማምተው ይፈርማሉ፤ ፈርመው ማንጎው ዛፍ ሥር ጁስ ይጠጣሉ። እንዲያውም አንድ ቀን አጀንዳውን ሳትነግራቸው ተስማምተውላታል። የመስኖ ቢሮውም «ለአርአያነት ላለው መግባባት» የምስክር ወረቀት ሰጥቷቸው በመስታወት ተለብጦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

ለእንግዶቹ ድንኳን ሲተከል አንድ ድንጋይ ብቻ ነበር ያስቸገረው። ቀይ ቀለም የተቀባ ድንጋይ ነው፤ የቦዩ ከፍታና ዝቅታ ሁሉ የሚለካው ከእሱ ተነስቶ ነው። ዮርዳኖስ «ገለል አድርጉትማ» አለች። ገለል አደረጉት፤ አንድ ክንድ ከፍ የሚል ጉብታ ላይ በክብር አስቀመጡት። እንግዶቹ ሲሄዱ የቀረው ግማሽ ቦይ ከዚያው ድንጋይ እየተለካ ተቆፈረ።

ቀያሹ ፍፁም ይህን አሳምሮ ያውቃል። ፎርማኑ ሙጂብም ያውቃል፤ ድንጋዩን የተሸከመው እሱ ነው፣ ወገቡን እስከ ዛሬ ያመዋል። ግን ስምንት ወር የተገነባ ፍቅር ለአንድ ክንድ ብሎ ማን ያፈርሳል? ፍፁም አንዴ ስብሰባ ላይ ጉሮሮውን ጠረገ። ዮርዳኖስ የምስክር ወረቀቱን ቀና ብላ አይታ፣ ያልተስማማበት ነገር እንዳለ በፈገግታ ጠየቀችው። አቧራው ነው አለ።

ቦዩ የሚያበቃው እትዬ ዘይቱና ማሳ ላይ ነው። ዮርዳኖስ «በዚህ ሳምንት ውሃ ይደርስልዎታል» ስላለቻቸው ያላቸውን መሬት በሙሉ የሽንኩርት ችግኝ ተክለውበታል። በዚያ ሙቀት ችግኙ ውሃ ካላገኘ ከዓርብ አያልፍም።

ሰኞ ውሃው ከወንዙ ተለቀቀ። እየተንደረደረ መጥቶ ቦዩ አጋማሽ ላይ ሲደርስ ቆመ። ትንሽ ያሰበ መሰለ። ከዚያ ወደ ጎን ፈሶ መንገዱን አጨቀየው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ያበረ ቡድን ውሃ አሰረ። ወዲያው አስቸኳይ ስብሰባ ተጠርቶ በሙሉ ድምፅ እንዲህ ተባለ፦ ቦዩ እንከን የለበትም፤ ውሃው ግን ከቡድኑ መንፈስ ጋር እስኪላመድ ጊዜ ያስፈልገዋል። ማክሰኞ ጊዜ ተሰጠው። ረቡዕም ተጨመረለት።

ሐሙስ ጠዋት እትዬ ዘይቱና የጠወለገ ችግኝ እቅፍ ሙሉ ይዘው መጡና ቃለ ጉባኤው ላይ ዘረገፉት። ሁለት መደብ ሄዶባቸዋል። ዮርዳኖስ በጥናቱ መሠረት ውሃው ማሳቸው መድረሱን አስረዳቻቸው።

«በጥናትሽ ደርሷል፤ ሽንኩርቴ ግን ማንበብ አይችልም» አሉ። «ነይማ ተከተይኝ።»

ከአጋማሹ ትንሽ አልፈው፣ ቦዩ ሽቅብ በሚወጣበት ደረቅ ቦታ ይዘዋት ገቡ፤ ፍፁምና ሙጂብም ተከተሉ። ለሶላት የያዙትን የውዱእ ማንቆርቆሪያ እግሯ ሥር አንቆረቆሩት። ውሃው ጫማዋን አርሶ፣ ምንም ሳያፍር፣ ወደ ወንዙ አቅጣጫ ተመለሰ።

«ወዴት ሄደ?» አሉ።

«ወደ... መጣበት።»

«እሱ አልፈረመልሽማ» አሉ እትዬ ዘይቱና።

ውሃ እንግዲህ ያልተማረ ነገር ነው፤ ሹመት አያውቅም። ፍፁም ግን የውሃውን ድፍረት አይቶ ልብ አገኘ፤ የድንጋዩን ነገር አነሳ፤ ሙጂብ የወገቡን ነገር አነሳ። ዮርዳኖስ ወንዙን ከፍ ማድረግ ይሻላል አለች። ፍፁም በእንጨት ጭቃው ላይ እየሳለ፣ የኋለኛው ግማሽ አንድ ክንድ ዝቅ ካላለ ወንዙ ሰማይ ቢወጣም ዋጋ የለውም አላት። ሙጂብ ደግሞ እንዲያ ከተቆፈረ ዳሩ ይናዳል፣ በድንጋይ መደገፍ አለበት ብሎ ፍፁምን ተቆጣ። ሁለቴ እምቢ አለች። በሦስተኛው ጭቃው ላይ ቁጢጥ ብላ «እስቲ እንደገና አሳየኝ» አለችው። ቡድኑ ከተቋቋመ ጀምሮ ያልተሰማ ቃል ነበር። ምሳ ሳይበሉ ተጨቃጨቁ፤ ማንም አልሞተም። ከሰዓት መንደርተኛው ዶማውን ይዞ ወጥቶ የኋለኛውን ግማሽ ሲያወርድ አደረ፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ውሃው ማሳው ገባ። ከሁለቱ መደብ በቀር ችግኙ ቀና አለ።

ዮርዳኖስ ማሳው ዳር ቆማ ቡድኗን ሰበሰበች። «ከዛሬ ጀምሮ በእኔ ቡድን ክርክር ግዴታ ነው። የሚቃወም አለ?»

ማንም አልተቃወመም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ።

ደስ ብሏት ወደ እትዬ ዘይቱና ዞረች። «አዩ እትዬ፣ መከራከር አስተማርኳቸው።»

እትዬ ዘይቱና ከችግኙ ቀና ሳይሉ፣ «ኧረ ወላሂ ተይኝ ልጄ» አሉ፤ «እነሱማ ድሮም ይችሉበታል። አንቺ መኪናሽን አስነስተሽ ስትሄጂ ነው ማንጎው ሥር የሚጀምሩት።»