ግራዝማች የተባለው ድንክ አውራ ዶሮዬ

በአገራችን እንስሳ ሁሉ ሥራ አለው። በሬ ያርሳል፤ አህያ ይሸከማል፤ ውሻ ይጮኻል፤ ድመት እንኳ አይጥ እይዛለሁ ብላ ነው የቤቱን ሞቃት ቦታ ይዛ የምትተኛው። የዶሮማ ሥራ የታወቀ ነው፤ ሴቷ እንቁላል ትጥላለች፣ አውራው ጮኾ ሌሊቱን ያነጋል፣ በዓል ሲደርስ ሁለቱም ድስት ይገባሉ። እንግዲህ በዚህ አገር አንድ ሰው ተነሥቶ «እኔ ዶሮ የማረባው ቆሜ ላየው ነው» ቢል ጎረቤት መጀመሪያ ይስቃል፣ ቀጥሎ ያዝናል፣ በመጨረሻም ለሚስቱ ጠበል ይጠቁማታል። የኔዋን ሚስት ሁለት ጠበል ጠቁመዋታል።

እናንተም ብትሆኑ አትሳቁ። ለማንም የማይበጅ ነገር ወድዶ የማያውቅ ሰው ካለ ይምጣና ይውቀሰኝ። አንዱ ጋሻ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲወለውል ይውላል፤ ዘመቻ ሲጠራ ግን ወገቡን ያመዋል። ሌላው በቅሎውን በብር እቃ አስጊጦ ገበያ ለገበያ ይዞራል፤ የሚሄድበት አገር ግን የለውም። ለኔ ዶሮ ሲሆን ነው ጉድ የሚባለው?

ያን ጊዜ በናዝሬት ባቡር ጣቢያ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከጣቢያው ፊት ለፊት ሙሴ ያኒ የሚባሉ ግሪክ ሆቴል ከፍተው ነበር፤ እሳቸው ናቸው አንድ ቀን ከጅቡቲ በመጣው ባቡር በቅርጫት ሦስት ድንክ ዶሮዎች ያስመጡት። ፈረንጆቹ ባንታም ይሏቸዋል። ቁመታቸው ከእርግብ ብዙም አይበልጥም፤ ኩራታቸው ግን ካባ የደረበ መኰንን ያስንቃል። ቅርጫቱን ለመመዝገብ ከፈት ሳደርግ አውራው ብቅ አለና እጄን በመንቁሩ ወጋኝ። ፍቅራችን የጀመረው በዚሁ ነው።

ዶሮዎቹ ሲዋለዱ ሙሴ ያኒ ካንድ ጎጆ የወጡ ሁለት ጥንዶች አደሉ፤ አንዱን ጥንድ ለኔ፣ ሌላውን ለሐጂ ሰዒድ፤ ኋላም ለሌሎች ወዳጆቻቸው ሰጡ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ናዝሬት የከተሙ የአቡጀዲ ነጋዴ ናቸው፤ ቁም ነገረኛ፣ ትዕግሥተኛ፣ በዶሮ ነገር ግን ከኔ የባሱ። ክርስቲያኑ ያረደውን ሙስሊሙ አይበላም፣ ሙስሊሙ ያረደውን ክርስቲያኑ አይቀምስም፤ የኛ ዶሮዎች ግን የማይታረዱ ስለሆኑ የሁለታችንን ወዳጅነት የሚያውክ ነገር አልነበረም። እንዲያውም ገበያ ላይ ዶሮ የሚሸጠው ኦቦ ቱፋ ሁለታችንንም እኩል ይንቀን ነበር። አውራዬን አቅፌ ባለፍኩ ቁጥር «ኩን ሉኩ ሚቲ!» ይለኛል፤ ይህ ዶሮ አይደለም ማለቱ ነው። ቀጥሎ ደግሞ ኦሮምኛው እንዳያመልጠኝ ብሎ በአማርኛ ይደግምልኛል።

የኔን አውራ ግራዝማች አልኩት። ጅራቱ ጥቁር ሆኖ አረንጓዴ ያብረቀርቃል፤ ደረቱ ቀይ ነው፤ ሲራመድ እግሩን የሚያነሣው መሬቱን እየተጸየፈ ነው። እውነቱን ልናገርና ከማንም ሹም በፊት ለእሱ እነሣ ነበር።

መጀመሪያ ውድድር እናድርግ ያሉት ሙሴ ያኒ ናቸው። በአገራቸው ሰው ዶሮውን አጣጥቦ አደባባይ ያሰልፋል፣ ዳኛ ይመርጣል፣ ያሸነፈው ይመሰገናል። ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ በሆቴሉ ግቢ ባዶ የሳሙና ሣጥኖች ደፍተን ሰባት ድንክ ዶሮ አሰለፍን። እኔ ዋዜማውን የግራዝማችን እግር በሎሚ ፈትጌ ጉትዬውን ለጋ ቅቤ ቀባሁት። ባለቤቴ ወይዘሮ አስካለ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል።

«ለኔ ራስ ቅቤ ተወደደ ብለው ዶሮውን ይቀቡታል? እንግዲያውስ ሹሩባም ይሥሩለት!» አለችኝ።

በዚያ ውድድር አንደኛ የወጣው የሐጂ ሰዒድ አውራ ነው። ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ግን ይገባው ነበር፤ እንደ ጥጥ ነጭ፣ አንዲት ላባ ያልተዛነፈችበት። ሙሴ ያኒ የሐጂን ስም ሲጠሩ ጭብጨባ ሆነ። ችግሩ፣ በዚያ ሰዓት የከተማው ሹም ፊታውራሪ በበቅሎ ሲያልፉ ጭብጨባውን ሰምተው ገቡ። ነጩን አውራ አዩት። «ወይ ማማር!» አሉ።

የዚያን ዘመን ሥርዓት ለማታውቁ ልንገራችሁ። ትልቅ ሰው ያንተን ነገር «ወይ ማማር» ካለ፣ ያ ነገር ያንተ መሆኑ አብቅቷል። አፋቸውን ሳይገጥሙ «ይውሰዱልኝ ጌታዬ» ማለት አለብህ። በቅሎ ቢሆን በቅሎ፣ ጠመንጃ ቢሆን ጠመንጃ። ሐጂም ፊታቸው አመድ መስሎ «ይውሰዱልኝ ጌታዬ» አሉ። አሽከር አውራውን በእግሩ ዘቅዝቆ ይዞት ሄደ።

የቀረውን የሰማነው ከፊታውራሪ ቤት ነው። ያን የመሰለ አውራ ያን ቀን ለእራት ታረደ። ወጥ ቤቷ አሥራ ሁለት ብልት ላወጣ ብትል ዘጠኝ ላይ አለቀባት፤ ደግሞም ሥጋው አንድ ጉርሻ አልሞላም ብላ ተማረረች። ሐጂ ሰዒድ በማግስቱ ቤቴ መጥተው ተቀመጡና አለቀሱ። ስለ ዶሮ ሲያለቅስ ያየሁት የመጀመሪያው ትልቅ ሰው እሳቸው ናቸው፤ ሁለተኛው እኔ ነኝ፤ አብሬ አለቀስኩ።

ዓመቱ ዞሮ መስቀል ሲያልፍ ከፊታውራሪ ቤት ትእዛዝ መጣ። ያ የዶሮ ጨዋታ ደስ ብሏቸዋልና ዘንድሮም ይደረግ፤ ድንክ ዶሮ ያለው ሁሉ ይዞ ይቅረብ፤ ዳኛውም ራሳቸው ናቸው። እንግዲህ አስቡት። ያሸነፈ ይበላል። ባለዶሮዎች ሁሉ በሐጂ ሱቅ ተሰብስበን መከርን፤ በዓለም ላይ ተወዳዳሪዎች ለመሸነፍ የተማማሉበት ውድድር ያ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። አንዱ የዶሮውን ጅራት ሊቆርጥ፣ አንዱ እግሩን አሥሮ ሊያስነክስ ተስማማ። ሐጂ የቀረችላቸውን ሴት ዶሮ ጥላሸት ሊቀቧት ሆነ። ወደ እኔ ዞረው፣

«አንተ ሰው፣ ወላሂ ያንተ ኩራት ያሰጋኛል» አሉኝ። «አመድ ንዛበት። ስሙንም ፊታውራሪ ፊት እንዳትጠራው፤ ተሹሞ ሳለ ተበላ እንዳይባል።»

እኔም ያን ጠዋት ግራዝማችን ከሹመቱ አወረድኩት፤ ተራ ዶሮ አደረግኩትና አመድ ነዛሁበት። ዓይኑን ገልጦ አየኝ። ቅቤ የለመደ ጉትዬ አመድ ሲቀባ ማየት ቀላል አይደለም። ያም ሆኖ ሣጥኑ ላይ ሳቆመው የማንም ቤት ጓሮ ዶሮ መስሎ ነበርና ልቤ ረጋ አለ።

የአዳማን ነፋስ ግን ረስቼዋለሁ። ናዝሬት የኖረ ሰው ይህን መርሳቱ በዶሮ ከማበድ የባሰ ጅልነት ነው። ልክ ፊታውራሪ ከግቢው ሲገቡ ያ ነፋስ ከሜዳው ተነሥቶ አቧራውን እያዞረ መጣ፤ ሁላችንም ነጠላና ባርኔጣችንን ያዝን። ነፋሱ ሲያልፍ ዓይኔን ብገልጥ አመዱ የለም። ግራዝማች አንዴ ተራገፈ፤ ጅራቱን ዘረጋ፤ አንገቱን አስግጎ እስኪበቃው ጮኸ። በዙሪያው ጅራተ ቆራጣ፣ አንካሳና ጥላሸታም ተሰልፎ መሐል ላይ እሱ ብቻ ያበራል። በሕይወቴ እንደዚያ ያማረበትን ቀን አላየሁም፤ እንደዚያም ፈርቼ አላውቅም።

ፊታውራሪ መጥተው ፊት ለፊቱ ቆሙ። ከላይ እስከ ታች አዩት። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እኔም «ይውሰዱልኝ» ለማለት ጎንበስ አልኩ። ሐጂ ከኋላዬ ቁርኣን ይቀራሉ።

«ይኸም ገና ነው» አሉ ፊታውራሪ። «ሁላችሁም ጫጩት ነው እንዴ የምታመጡልኝ? ዓምና የሐጂውን ሳይደርስ በልተን ተቆጨን፤ ወጥ ቤቴ እስካሁን ታማኛለች። አንተ፣ ይኸ መልኩ ደህና ነው፤ ሲያድግ ታመጣዋለህ። እስከዚያው ባንተ ዘንድ አደራ ይቀመጥ።»

ግራዝማች የአራት ዓመት አውራ ነው። የልጅ ልጅ አይቷል። ደስታዬ ግን ገና ከደረቴ ሳይወጣ ሙሴ ያኒ ነገሩን ሰምተው ተቆጡ፤ ለእሳቸው የዶሮ ሙያ የተደፈረ መሰላቸው።

«የለም፣ ጌታ! እሱ ትልቅ ነው! እሱ አያት ነው!»

እግራቸውን ረገጥኩት። «ጌታዬ፣ ሙሴ አማርኛ ያስቸግራቸዋል፤ አያቱ ትልቅ ነበር፣ ይኸም እንደ አያቱ ይሆናል ማለታቸው ነው» አልኩ። ፊታውራሪ ራሳቸውን ነቀነቁ። የደረሰ ዶሮ ስለሌለ አንደኛ የሚባል የለም ብለው በቅሏቸው ላይ ወጡ። ከዚያ ወዲያ ሙሴ ያኒ አንድ ወር ሙሉ እያነከሱም እያኰረፉም ኖሩ።

ግራዝማች እንዲህ አድርጎ ተረፈ። ከሁሉም የሚገርመው ግን አደራው ነው። ለገና ዋዜማ የፊታውራሪ አሽከር መጣና «አደገ?» አለ። «ገና ነው» አልኩ። ለፋሲካም መጣ። አስካለ ቀደም ብላ «ምግብ አልይዝለት ብሎ ነው እንጂ እኛስ አልሰሰትንም» አለችው። በማግስቱ ለዶሮው ማደለቢያ ሁለት ቁና ስንዴ ተላከልን። ግራዝማች ብቻውን ስለማይጨርሰው እኔና አስካለ ቆሎ አድርገን ረዳነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወይዘሮ አስካለ ስለ ጠበል አንሥታ አታውቅም።

ክረምቱ ሲወጣ ፊታውራሪ ወደ ሐረር በኩል ተሾሙ። የሚሄዱበት ቀን ጣቢያው በሸኚ ተጨናነቀ፤ እኔም የጓዛቸውን ዝርዝር ይዤ በባቡሩ መስኮት ሥር ቆምኩ። ፊታውራሪ አወቁኝ።

«አንተ፣ ያ ዶሮ አደገ?»

«ገና ነው ጌታዬ።»

«አይ፣ እንግዲያውስ ዘሩ ከንቱ ነው» አሉ በማዘን። «መልኩ አታሎኝ ነበር። እርባና የለውም፤ ጣለው።»

ባቡሩ ጮኸና መንቀሳቀስ ጀመረ። በቃ፣ ተገላገልኩ። ዶሮዬ ከአደራም ከድስትም ነፃ ወጣ። ብልህ ሰው ቢሆን ኖሮ እዚያው እጅ ነሥቶ ይቀር ነበር። እኔ ግን «እርባና የለውም» የምትለዋ ቃል እንደ በርበሬ አቃጠለችኝና ከባቡሩ ጎን መሮጥ ጀመርኩ።

«ጌታዬ! አድጓል! ድሮ ነው ያደገው! በአገሩ እንደሱ ያለ የለም!»

ፊታውራሪ አንገታቸውን በመስኮቱ አወጡ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? በሚመጣው ባቡር ላከው!»

ከመድረኩ ጫፍ ቆሜ ጭሱን እያየሁ ራሴን ረገምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ ውሸት ያቆየውን ዶሮ በአንድ እውነት ገደልኩት ማለት ነው። ለሐጂ ብነግራቸው እንደመሳደብ ቃጣቸውና ሐጂነታቸውን አስታውሰው ተዉት። ቤት ስገባ ግራዝማች ደጃፉ ላይ ቆሞ እንግዳ የሚቀበል ይመስላል። ልልከው? እጄ እንቢ አለ። አልልክም ብል ደግሞ አደራ በላ እባላለሁ፤ ሥራዬንም አጣለሁ።

በመጨረሻ ኦቦ ቱፋ ዘንድ ሄድኩ። ቀይ ደረት፣ ጥቁር ጅራት ያለው፣ የግራዝማች አራት እጥፍ የሚሆን አውራ መርጬ ገዛሁ። ኦቦ ቱፋ «ገና ዛሬ ሰው ሆንክ» ብሎ መረቀኝ። ዶሮውን በቅርጫት አድርጌ፣ «ያደገው አደራ» ብዬ ጽፌ፣ በሚመጣው ባቡር ላክሁ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ማኅተም የታተመበት ደብዳቤ መጣ። ፊታውራሪ «ዶሮው ደርሶኛል፣ በእጅጉ አድጓል፣ አሥራ ሁለቱም ብልት ሞልቶ ወጥቷል» ይላሉ። «ዘሩን በመጠራጠሬ አፍራለሁ፤ በዚህ ቁመቱ ቀርቦ ቢሆን ኖሮ ያን ጊዜም አንደኛውን ለእሱ እፈርድ ነበር፤ አሁንም ፈርጄለታለሁ፤ ይኸው ምስክር ይሁንህ» ይላል ደብዳቤው።

ሐጂ ሰዒድ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝ። ያሰቡት ገባኝ። የእሳቸው አውራ በእውነት አንደኛ ወጥቶ ተበላ፤ ማስታወሻ የሚሆን ላባ እንኳ አልቀረላቸውም። የኔው አንድም ቀን ሳያሸንፍ በሕይወት ቆሞ የማኅተም ወረቀት አገኘ። አፈርኩ፤ ይህን አልደብቃችሁም። ወረቀቱን ልቅደደው ብዬም አስቤ ነበር።

ግን አስካለ ቀድማ በመስተዋት አስገብታ ግድግዳ ላይ ሰቅላው ኖሯል። እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ የምታሳየው እሱን ነው።