የሃያ ዓመቱ ሽማግሌ

ሽማግሌ ለመሆን ምን ያስፈልጋል ብላችሁ ብትጠይቁኝ ከብዙ ዓመት ትዝብት በኋላ የምመልስላችሁ አንድ ነገር ነው፤ ጋቢ። ጢም ቢጨመርበት ጥሩ ነው፤ ከዘራም ክፋት የለውም። ዕውቀትና ሐቀኝነት ግን ትርፍ ዕቃ ናቸው፤ እንዲያውም ሥራ ያስፈታሉ። በእኛ በወረታ ጋቢውን አጣፍቶ፣ ጉሮሮውን ሁለት ጊዜ ጠራርጎ፣ "እንግዲህ ልጆቼ" ማለት የቻለ ሁሉ ሽማግሌ ነው። ጠላው ከየት በኩል እንደሚመጣ በአፍንጫው ያውቃል፤ ፍርዱም ወደዚያው ያዘነብላል። ይህን የምለው ተቀይሜ እንዳይመስላችሁ። እሺ፣ ተቀይሜ ነው።

እኔም ብሆን ከእነሱ የማልሻል አስተርጓሚ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ፣ ጊዜው የድርቁ ነው። ለተቸገረ ሰው እህል ከሚያድሉት የውጭ ሰዎች ጋር ሃሪስ የሚባል የሃያ ዓመት አሜሪካዊ ወረታ መጣ። ሃይማኖቱ ሞርሞን ነው። የነሱ ወጣቶች ሁለት ዓመት ቤታቸውን ትተው ለስብከት ይወጣሉ አሉ። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን እንዳይሰብክ አስፈረሙትና ጆንያ ማውረድ ተፈቀደለት። ካልጠየቁኝ አልናገርም፣ ከጠየቁኝ ግን አልዋሽም ይል ነበር። ማንም አልጠየቀውም።

እሱ ግን በየጠዋቱ ይጸልያል፣ ነጭ ሸሚዙን በከሰል ካውያ ይተኩሳል፣ ከረባቱን እስከ አንገቱ ያስራል፤ ከዚያ ወጥቶ የፎገራ ጭቃ ውስጥ እስከ ጉልበቱ ይገባል። አብሮት የመጣው ጓደኛው ወባ ይዞት ባሕር ዳር ስለተወሰደ ጥላው የሆንኩት እኔ ነኝ። ቀን የሚናገረውን እተረጉማለሁ፤ ዓርብ ዓርብ ደግሞ ምን ሲናገር እንደሰነበተ ለቀበሌ አስረዳለሁ። ሁለቱም ሥራ ይባሉ ነበር። ትልቁ መከራዬ ግን ግብዣ ነው። ልጁ ሃይማኖቱ ስለሚከለክለው ቡና አይጠጣም፣ ሻይ አይጠጣም፣ ጠላና አረቄማ አጠገቡም አይደርስ። ሰው ቤት ገብቶ አልቀምስም የሚል እንግዳ እኛ አገር ወይ ታሟል ወይ ተጣልቷል።

እንደ ማንኛውም የነሱ ወጣት ሰባኪ ከስሙ በፊት ኤልደር የሚል ማዕረግ ነበረው። ትርጉሙን ሰው ሲጠይቀኝ መዝገበ ቃላቴን ገለጥኩና አፌን ሞልቼ "ሽማግሌ" አልኩ። ሰዉ ሳቀ። ሳምንት ሳይሞላ ግን ሳቁን ትቶ አመነ። ጢም ሳያወጣ ለዚህ ከበቃ በአገሩ አንድ የፈጸመው ቁም ነገር ይኖራል ተባለ፤ አሮጊቶችም "እርስዎ" ይሉት ጀመር። እኔም አላረምኩም።

ከወረታ ወደ ይፋግ በሚወስደው መንገድ ባለች አንዲት መንደር እትዬ አንጓች የሚባሉ ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ባላቸው ሞተው ሁለት ሴት ልጆች የሚያሳድጉት ሐሙሲት ገበያ እያወጡ በሚሸጡት እንስራና ጀበና ነው። አፈሩን የሚቆፍሩበትን ቦታ ጎረቤታቸው ጓድ ተገኘ በእሾህ አጠረው። ጓድ ተገኘ የገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ስብሰባ ላይ ግራ እጁን ሽቅብ ሰቅሎ "ባለእጅ ጭቁን ወገናችን ነው" እያለ ይጮህ ነበር። ቤቱ ሲገባ ደግሞ ላሙ የነጠፈችው በእትዬ አንጓች ዓይን መሆኑን ከሚስቱ ጋር ይመክራል። አጥሩ የተሠራው ከምክሩ በኋላ ነው።

ክረምቱ ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ዝናቡ አንዴ ከያዘ ሜዳው ሐይቅ ይሆናል፤ አፈሩም እስከ ኅዳር ከውኃ በታች ነው። ያኔውኑ ካልተቆፈረ ሴትየዋና ልጆቻቸው ክረምቱን የሚበሉት የላቸውም። አቤት እንዳይሉ አቤቱታ ተቀባዩ ራሱ ጓድ ተገኘ ነው። የቀራቸው ሽማግሌ መላክ ብቻ ነበር፤ እሳቸውም ሦስት ጋቢ ለባሾች ደጅ ሄደው ለመኑ። አንዱ ጉልበቴን አሉ። ሁለተኛው ሐዘን አለብኝ አሉ። ሦስተኛው ለባለእጅ ሴት ብዬ በሰው በር አልቆምም ብለው ቁርጡን ነገሯቸው።

እትዬ አንጓች በማግሥቱ እህል መጋዘኑ ድረስ መጡና ሃሪስ ፊት እጅ ነሱ።

"እርስዎ ሽማግሌ ነዎት አሉ" አሉት። "እኔ ሽማግሌ የለኝም። ይቁሙልኝ።"

ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። አንድ ቤት ድረስ አብረሃቸው እንድትሄድ ይለምኑሃል አልኩት። በመጣ በስድስት ወሩ ሰው ሲፈልገው የመጀመሪያው ነበርና ፊቱ በራ። ለምን ሙሉውን እንዳልነገርኩት እንጃ፤ የሦስቱ ነገር አንጀቴን አቃጥሎኝ ይሆናል።

እሑድ ከሰዓት ሄድን። እትዬ አንጓች አጥሩ ሥር ቀሩ፤ እኛ ገባን። ጓድ ተገኘ ጠላ ይዞ ተቀምጧል። ከጎኑ ጉልበቴን ያሉት ሰውዬ አሉ፤ ጉልበታቸው እዚያ ድረስ በሚገባ አድርሷቸዋል። "ኖር" ተባለ፣ መደቡ ላይ ቁርበት ተነጠፈ። ሃሪስ በቁርበት ላይ ቁንጫ ክፉኛ ተበልቶ ያውቃልና በትሕትና ልቁም አለ። ጠላ መጣ፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንቢ አለ። አረቄ ቀረበ፤ እንቢ። ቡና ይፈላ ተባለ፤ እንቢ።

መቼም ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባልለት አይቀመጥም፣ እህል ውኃም አይቀምስም። የኛዎቹ ይህን ከረሱት ቆይተዋል። ፈረንጁ ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ በደረቁ ከንፈሩ ሕጉን አንድ በአንድ ፈጸመው። ጓድ ተገኘ ምን ፈልጎ ነው ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አፈሩ ለእትዬ አንጓች እንዲከፈት መሆኑን ነገርኩት። ፊቱ ጠቆረ። እርግማን የሚባል ነገር አድኃሪ አስተሳሰብ መሆኑን ስንት ስብሰባ ላይ አስተምሯል፤ ግንባሩ ግን በላብ ራሰ። ሚስቱ ከጓዳ ብቅ አለች።

"አንተ ሰውዬ፣ ሽማግሌ እንደ ቆመ ከቤቴ ከወጣ እኔም የለሁበት" አለችው።

"እሺ፣ ይቆፍሩ" አለ በመጨረሻ። "አሁን ይቀመጥና ይጠጣልኝ።"

ጉድ የፈላው ይኼን ጊዜ ነው። እሺ ከተባለ በኋላ የማይጠጣ ሽማግሌ ነገሩን ያፈርሰዋል። ዋንጫው መጣ፤ ሃሪስ እንቢ አለ። ጉልበታሙ ሰውዬ ጉሮሯቸውን ይጠርጉ ጀመር፤ ምን ሊሉ እንደነበር እናንተም አታጡትም። ሃሪስ የሰዉን ፊት ሲያይ ምን ሆነዋል ብሎ ያዘኝ፤ እኔም በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ሁሉንም አንድ ጊዜ ዘረገፍኩለት። እስከ ጆሮው ቀላ።

"ንገራቸው" አለኝ። "እኔ ሽማግሌ አይደለሁም፤ ሃያ ዓመቴ ነው። የማልጠጣውም በሃይማኖቴ እንጂ ስለዚህ ጉዳይ ብዬ አይደለም። በውሸት መቆም አልችልም፤ እያንዳንዷን ቃል ንገርልኝ።"

በበሩ በኩል እትዬ አንጓች ይታዩኛል። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው እኔን ነው የሚያዩት።

"አፈሩ ወጥቶ በዓይኔ ካላየሁ አልጠጣም ይላል" አልኩ።

ጓድ ተገኘ መጥረቢያውን ይዞ ወጣ። እሾሁን ያነሳው በገዛ እጁ ነው። ሳምንት ሳይሞላ የእትዬ አንጓች ደጅ በአፈር ቁልል ተሞላ፤ ክረምቱ ሲገባ ልጆቹ እቤት ተቀምጠው አፈሩን ያቦኩ ነበር። ሃሪስም ለዋንጫው ዳግመኛ መጠራቱ አልቀረም፤ ጥሪው ሲደርሰን ግን ጎርፉ መንገዱን ቆርጦት ነበርና ተገላገልን።

ያን እሑድ ስንመለስ ሃሪስ ሁሉንም ነገርካቸው ወይ አለኝ። ሁሉንም አልኩት። ምን አሉ አለ። ግድ የለም፣ እውነቱን ስለነገርከን እናመሰግናለን ብለዋል አልኩት። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤ እንዲህ እውነት የሚወድ ሕዝብ አይቼ አላውቅም አለኝ።

በዚያ ቤት፣ በዚያ ቀን፣ እውነት የተናገረ እሱ ብቻ ነበር። እሱንም እኔ ተረጎምኩት።